የእማማ ትርንጎ ጌሾ

ባለፈው ሰሞን ለዓይኔ ቀጠሮ ነበረኝና ዳላስ አጠገብ ቤድፎርድ ካለ ክሊኒክ ውስጥ ተጎልቼ ተራዬን ስጠብቅ፣ ጥጉ ላይ በፖት የተተከለች ተክል አየሁ። ዓይኑ ደከመ ተብሎ የመጣ ሰው ይህን ማየቱ ራሱ ይገርማል። የታችኛው ቅጠሏ ቢጫ ሆኗል፣ የላይኛው አንገቱን ደፍቷል። ምን እንደገፋኝ አላውቅም፣ ተነሥቼ ሄድኩና ሌባ ጣቴን እስከ አንጓዬ አፈሩ ውስጥ ሰደድኩት። ጭቃ ነው። «ርጥብ ነው፣ ተመስገን!» አልኩ ጮክ ብዬ፣ ያውም በአማርኛ። የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ ከኮምፒውተሯ ቀና ብላ «ሰር፣ አር ዩ ኦኬ?» አለችኝ። ደህና መሆኔን፣ ተክሏን የሚያጠጣው ሰው ግን እጁን ሰብሰብ ቢያደርግ እንደሚሻል ነግሬያት፣ ጣቴን በመሃረቤ ጠርጌ ተቀመጥኩ። አጠገቤ የነበሩት ፈረንጅ ሴትዮ ቦርሳቸውን ወደ ራሳቸው ጠጋ አደረጉ። አልፈርድባቸውም፤ በውሃ ብዛት የምትሞት ተክል ዳስሶ ተመስገን የሚል ሰው ባይ እኔም ቦርሳዬን እጠብቃለሁ። አባባሉ ግን የኔ አይደለም፣ የእማማ ትርንጎ ነው። ነፍሳቸውን ይማርና እሳቸው ካረፉ ቆይተዋል።

ዘመኑን በቁጥር አልነግራችሁም። ቤንዚን አራት ዶላር ገብቶ፣ ሰው ሁሉ መኪናውን እንደ ታማሚ ዘመድ በሐዘን የሚያያት ያ በጋ ነበር ብል ይበቃል። የምንኖርባት ካሮልተን ባቡሩ ገና አልገባላትም፤ የኮንክሪት ምሰሶውን ብቻ ገትረውት፣ በቤልት ላይን ባለፍን ቁጥር «ይኼ ነገር እውነት ያልቃል?» እንባባል ነበር። ስልክ እንደ ሽጉጥ ቀበቶ ላይ ይንጠለጠላል። የአምስት ዶላር የስልክ ካርድ ከሐበሻ ሱቅ ትገዛለህ፤ የካርዱ ሴትዮ ይህን ያህል ደቂቃ አለዎት ብላ ታበሥርሃለች፣ ከዚያ «እንደምን ከረማችሁ» ተባብላችሁ ሳትጨርሱ ድርግም ይላል። ዘፈን ባዶ ሲዲ ላይ ተገልብጦ፣ በወፍራም ማርከር «ምርጥ የክራር» ተብሎ ተጽፎበት በሦስት ዶላር ይሸጣል፤ መሀሉ ላይ ሲደርስ ይንተባተባል፣ እኛም አብረነው እየተንተባተብን እንዘፍናለን። የጎረምሶቹ ሱሪ ሁለት ሰው ያስገባ ነበር። እኔ ሀገር ቤት ልብስ ሰፊ ስለነበርኩ ያን ሱሪ ባየሁ ቁጥር እጄን ይበላኛል፣ ከአንዱ ሱሪ ሁለት አወጣ ነበር። አሁን የልጅ ልጆቼ ሱሪ እግራቸው ላይ የተቀባ ነው የሚመስለው። ለዚህኛውም ቢሆን የሚጠይቀኝ የለም።

የዚያን ጊዜው እንጀራዬ አንድ ትልቅ መደብር ውስጥ፣ በአትክልት ክፍሉ ነበር። አረንጓዴ ሽርጥ አስታጥቀውኛል። ሥራዬ የአፈር ከረጢት ተሸክሜ የገዢ መኪና ላይ መጫን ነው፤ ሌላ ምንም የለም። ሽርጡ ግን ጉድ አፈላ፣ ሐበሻው ሁሉ የእርሻ ባለሙያ አድርጎኝ አረፈ። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ «ጋሼ ተሾመ፣ ቃሪያዬ አበባው ይረግፋል» ይሉኛል። «ፀሐይ በዝቶበት ነው» እላለሁ። ፀሐይ ካልሆነ ውሃ ነው፣ ውሃ ካልሆነ አፈሩ ነው፣ ከሦስቱ አንዱ አይቀርም። ደግሞ ሲሳካላቸው ቃሪያውን በፌስታል ያመጡልኛል። ልብስ ስሰፋ እንኳ ያን ያህል ተከብሬ አላውቅም።

ደረጄ ያኔ ከኔ ጋር አፓርትመንት ተጋርቶ የሚኖር ልጅ ነበር። ልጅ እላለሁ እንጂ ሠላሳ አምስት ሞልቶታል፤ መጋዘን ውስጥ ሣጥን ሲያነሣ ውሎ ይመጣል፣ ትሑት፣ ዝምተኛ፣ ጢሙን አሳምሮ የሚያሳድግ። ቤታችን ከጆሲ ሌን ገባ ብሎ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነበር፣ ሁለት መኝታ ቤት፣ ሳሎንና ኩሽናው አንድ ላይ። የደረጄ የመኖሪያ ወረቀት ገና ነው። ጉዳዩ ዳላስ ፍርድ ቤት ከገባ ዓመታት አልፈውታል፤ ቀጠሮ ይሰጠዋል፣ ቀጠሮው ይቀየራል። እናቱ እማማ ትርንጎ ደግሞ በሴት ልጃቸው በኩል መጡ። ሴት ልጃቸው ቤድፎርድ ጥሩ ቤት አላት፣ ግን ሁለት ትንንሽ ውሾች አሏት፤ እማማም «ውሻ ሶፋ ላይ ተቀምጦ እኔ ወንበር ስፈልግ አልኖርም» ብለው ሻንጣቸውን ይዘው ወደኛ መጡ። ደረጄ መኝታ ቤቱን ለቀቀላቸውና ሶፋው ላይ መተኛት ጀመረ። እኔ የኪራይ ውሉ ላይ የተጻፍነው ሁለት ነን ብዬ ትንሽ አጉረመረምኩ። የመጀመሪያውን ሽሮ ከበላሁ በኋላ ግን ደግሜ አላነሣሁትም።

እማማ ሲመጡ በነጠላቸው ጫፍ የጌሾ ፍሬ ቋጥረው ነበር። ጉምሩኩ አላየም፣ ወይም አይቶ የጸሎት ነገር መስሎት አለፈው። «እማማ፣ ጌሾ እኮ እዚህ ሱቅ ሞልቷል፣ ደረቁም ዱቄቱም» አልኳቸው። «በገዛ ጌሾማ ማንም ይጠምቃል» አሉኝ። «እኔ ለሚካኤል የተሳልኩት፣ የልጄን ወረቀት ካሳካህልኝ በእጄ ባበቀልኩት ጌሾ ጠላ ጠምቄ ማኅበርህን አጠጣለሁ ብዬ ነው። እሱ ቃሉን ሲጠብቅ እኔ ባዶ እጄን ልቁም?» ክርክር የማያስገባ ነገር ነው። ፍሬውን በነጭ የፕላስቲክ ባልዲ ዘሩት፤ ቂጡን በጋለ ምስማር የበሳሁት እኔ ነኝ። ብዙ ጊዜ ቆይቶ፣ ተስፋ ከቆረጥኩ በኋላ፣ አንዲት በቀለች። በሁለተኛው ዓመት ወገባቸው ጋ ደረሰች፣ ቅጠሏ ዘይት እንደተቀባ ያብለጨልጫል። እማማ በልጃቸው ጉዳይ ብዙ አይናገሩም ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ «ይቺ ከደረቀች ስለቴ ሜዳ ቀረ፤ ስለቴ ሜዳ ከቀረ ደግሞ ልጄ…» ብለው ጀምረው ተውት።

ታዲያ ያ በጋ ሲጋመስ ጌሾዋ ቢጫ መሆን ጀመረች። ከታች ነው የጀመረው። እማማ «አንተ ተሾመ፣ ና እስቲ እያት» አሉኝ። ሽርጤን እንኳ አላወለቅኩም ነበር። ዞር ዞር ብዬ አየሁና «ርቧታል» አልኩ፣ እንደ ዶክተር። ከመደብሩ ሰማያዊ የማዳበሪያ ዱቄት ገዝቼ በውሃ በጥብጬ ሰጠኋት። ከዚያም የቅጠሉ ጫፍ ሁሉ በክብሪት እንደተለበለበ ሆነ። «ጠግባለች መሰለኝ» አልኩ። እማማ ያዩኝ አስተያየት እስከዛሬ ይሰማኛል።

እውነተኛ ሐኪም ያገኘሁት ሃሪ ሃይንስ መንገድ ላይ፣ ከጎማ ቤት ጀርባ ነው። የቤት ውስጥ ተክል መብራት የሚሸጥበት ጠባብ ሱቅ ነበር፤ የጌሾዋንም መብራት እዚያው ነው የገዛሁት፣ ሳሎናችን ፀሐይ አይገባውም። ባለሱቁ ራንዲ የሚባል ጸጉረ ረጅም ፈረንጅ ነው፣ ክረምት ከበጋ በቁምጣ። እዚያ ሱቅ የሚገባ ሰው ሁሉ ቲማቲም ነው የሚያበቅለው። አንዱ ይገባና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ቲማቲሜ ጠወለገብኝ» ይላል፤ ራንዲም ፊቱ ሳይፈታ «ቲማቲምህ ስንት ሰዓት መብራት ያገኛል?» ይለዋል። ዳላስ ያን ዓመት ይህን ሁሉ ቲማቲም የት አድርሳው እንደነበር እንጃ፤ ገበያው ላይ የነበረው እንደ ድንጋይ የደረቀ ነበር። ቲማቲሙ ካናቢስ መሆኑን ለማወቅ እኔም ጊዜ ወሰደብኝ፣ የአዋቂ ሞኝ ነኝ። አሁን እንግዲህ በየመንገዱ ዳር የዚያ ቅጠል ምስል በኒዮን እየበራ አያለሁ፤ ያን ጊዜ ግን እንኳን መብራት፣ ስሙንም ጮክ ብሎ የሚጠራ አልነበረም። የታመመችውን ቅጠል በፌስታል ይዤ ገብቼ ራንዲ ፊት ዘረጋሁለት። አገላብጦ አያት፣ አሸተታት፣ ግራ ገባው። «ይኼ ቲማቲም አይደለም» አለኝ። «አይደለም» አልኩት። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ያኛው ቲማቲምም አይደለም» አለኝ። «እሱም አይደለም። ቢራ የሚመስል መጠጥ እንጠምቅበታለን፣ ለመልአክ።» ራንዲ ባንኮኒውን በመዳፉ መትቶ እስኪያስለው ሳቀ። ይህን ሱቅ ከከፈተ ጀምሮ እውነቱን የነገረው ደንበኛ እኔ ብቻ እንደሆንኩ ነገረኝ።

ከዚያ በኋላ ወዳጅ ሆንን። እኔ ከሥራ ስወጣ የሱ ፒክአፕ መኪና አጠገብ ፓርክ አድርጌ ቅጠል ይዤ እገባለሁ፣ እሱ ሌላውን ደንበኛ አቁሞ ቅጠሉን እያየ ያስተምረኛል። ከታች ያሉት አሮጌ ቅጠሎች ወጥ ሆነው ቢጫ ከሆኑ ተክሉ ምግብ አንሶታል፤ ለጋው ቅጠል ቢጫ ሆኖ ጅማቱ ግን አረንጓዴ ሲቀር ደግሞ ብረት አጥቷል፣ ብረቱ ከአፈሩ ጠፍቶ ሳይሆን የቧንቧችን ውሃ ኖራ ስለሚበዛበት ቆልፎት ነው። ጫፉ ብቻ ከተቃጠለ ማዳበሪያ በዝቶበት ነው፣ ያ የኔ ሥራ ነው። «ከሁሉ በፊት ግን ባልዲውን አንሣው» አለኝ። «ቀላል ሆኖ ከጠወለገ ጠምቶታል። ከባድ ሆኖ ከጠወለገ ሰጥሟል፤ ሥሩ አየር አጥቶ ምግብ እያለ ይራባል። ሁለቱም ፊታቸው አንድ ነው፣ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው። ማንሣት ካቃተህ ጣትህን አስገባ።» ቤት ሄጄ ባልዲውን ላነሣው ብል ወገቤ ጮኸ። ጣቴን አስገባሁ፣ ጭቃ። ጠጋ ብዬ ሳሸት የረጋ ኩሬ ይሸታል።

እማማን ጠርቼ ነገሩን አስረዳኋቸው፤ ጣታቸውን ይዤ አፈሩ ውስጥ አስገብቼ አሳየኋቸው። «ደረቅ ሲሆን ብቻ ነው የምናጠጣት፣ እሺ?» «እሺ ልጄ» አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማንም ውሃ እንዳይሰጣት ተስማማን። በየጠዋቱ እማማ ጸሎታቸውን ጨርሰው ይወጡና ጣታቸውን ይሰዳሉ፣ ከዚያ «ርጥብ ነው፣ ተመስገን» ይላሉ። «እማማ፣ እርጥበቱ እኮ ነው በሽታው!» እላለሁ። «እሺ ልጄ» ይላሉ። በማግስቱም «ርጥብ ነው፣ ተመስገን።» ትምህርቱ አልገባቸውም ብዬ ተውኳቸው። ያልገባኝ ሌላ ነገር ነበር፤ ማንም ሳያጠጣት አንድ ሳምንት አለፈ፣ ሁለት ሳምንት አለፈ፣ ባልዲው እንደ ከበደ ነው። ራንዲን ኮል አደረግኩት። «ቤታችሁ ያለውን ሰው ሁሉ ጠይቅ» አለኝ፣ «ተክል በራሱ አይረጥብም።»

መጀመሪያ የጠረጠርኩት የማኅበሩን ሴቶች ነው። የሚካኤል ማኅበር በወር አንድ ቀን በየተራ ይሰበሰባል፤ ቅዳሜ እኛ ቤት ሲደርስ ዓይኔን ከጌሾዋ ሳልነቅል ዋልኩ። እውነትም ጽዋው ተጠጥቶ ሲያልቅ አንዷ አለቅልቃ መጥታ ማለቅለቂያውን ባልዲው ውስጥ ጠብ አደረገችው። «ምነው እቴ?» ብላት፣ «ታዲያ የተባረከ ነገር ሲንክ ውስጥ ልድፋው? ከሽንት ቤቱ ውኃ ጋ ሊገናኝ?» ብላ ዓይኗን አፈጠጠችብኝ። ልክ ነች። የተባረከ ነገር እግር የማይረግጠው ቦታ ነው የሚፈስሰው፣ ሀገር ቤት ከአጥር ሥር ወይም ከዛፍ ግርጌ። ሁለተኛ ፎቅ፣ ምንጣፍ በምንጣፍ በሆነ ቤት ውስጥ ደግሞ ያለው አፈር የጌሾዋ ባልዲ ብቻ ነው። ለማለቅለቂያው ሌላ ባልዲ አዘጋጀሁና ታች ወርጄ ከኦክ ዛፉ ሥር አፈሰስኩት። ያዝኩት አልኩ። ግን በወር አንድ ቀን የሚፈስስ ማለቅለቂያ ይህን ሁሉ ጭቃ አይሠራም፤ አልደረቀችም።

አንድ ጠዋት ሥራ አልነበረኝም። እማማ በየማለዳው ምን እንደሚያደርጉ ልንገራችሁ። ከቤተ ክርስቲያን በጋሎን የሚመጣ ጠበል ፍሪጅ ውስጥ አላቸው፤ ደረጄ አንድ ጊዜ ሻይ ሊያፈላበት ስለነበር ክዳኑ ላይ መስቀል አሥረውበታል። ከሱ ትልቅ ብርጭቆ ሞልተው ለደረጄ በባዶ ሆዱ ይሰጡትና ጸሎታቸውን ሊቀጥሉ ወደ ክፍላቸው ይመለሳሉ። ያን ጠዋት እኔ ከክፍሌ ስወጣ፣ ደረጄ የመጋዘን ሰደርያውን ለብሶ፣ ብርጭቆውን ይዞ፣ ጌሾዋ ላይ አጎንብሷል። ቀስ እያለ በግንዷ ዙሪያ ያፈስሳል። ትንሽ ምንጣፉ ላይ ተንጠባጠበች፤ እንዳይረግጣት ተራመዳት።

«ምን እያደረግህ ነው?» አልኩት።

«ውይ ጋሼ! አስደነገጡኝ እኮ። ዛሬ ኦፍ ነዎት እንዴ?»

«ኦፍ ነኝ። ምንድነው የምትደፋው?»

የእናቱን በር አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጠበሉ ነው። ማለቴ… ጋሼ፣ አንድ ዓመት ሙሉ ጠጥቼዋለሁ። ቀጠሮው ይቀየራል፣ ጠበቃው ኮል ባክ አያደርግም። ሶ፣ አንድ ቀን ብርጭቆውን ይዤ ቆምኩ፣ አፌ አልከፈት አለኝ። ከዚያ ወዲህ ውስጤ ባዶ ነው። አላምንም ጋሼ፣ ምንም። እማዬን ግን ምን ብዬ ልንገራት?»

«እና የስለት ጌሾዋን ትገድልባቸዋለህ? ሲንኩ ይኸው አጠገብህ ነው፣ እዚያ አትደፋውም?»

ያየኝ አስተያየት፣ ቤተ መቅደስ ውስጥ ጫማዬን አድርጌ የገባሁ ነው የሚመስለው። «ኧረ ጋሼ! ጠበል እኮ ነው!»

ሁለታችንም ቢጫዋን ጌሾ አየናት። መፍትሔው የመጣልኝ እኔ ነኝ፣ ያኔ በጣም ኮርቼበታለሁ። «አምጣው፣ እኔ እጠጣዋለሁ» አልኩት። ከዚያ ጀምሮ በየጠዋቱ እማማ ክፍላቸው ሲገቡ ብርጭቆው ከደረጄ እጅ ወደኔ ይተላለፋል፣ እኔም ግጥም አደርገዋለሁ። ሥራ ቦታ ወገቤ ቀለል አለኝ፤ ጠበሉ ይሁን ባልዲ ማንሣቱን ትቼ በጣቴ ማየት ስለጀመርኩ ይሁን አላውቅም። ጌሾዋንም አውጥቼ የበሰበሰውን ሥር ቆረጥኩላት፣ አዲስ አፈር አለበስኳት፣ ከአሸንዳው ዝናብ አጠራቅሜ አስቀመጥኩላት። ባልዲው ቀለለ። አፈሩ ከላይ ፈዘዘ። ከዚያ ከአናቷ ላይ ሁለት ጥፍር የምታህል ለጋ ቅጠል ብቅ አለች፣ አረንጓዴ፣ የምታብለጨልጭ። ራንዲን ኮል አድርጌ ነገርኩት፣ እሱም በስልኩ ጮኸ።

እማማ ግን ጠዋት ወጡ፣ ጣታቸውን ሰደዱ፣ ተመስገን ሳይሉ አወጡት። በማግስቱ ደግመው ሰደዱ፤ በጥልቀት፣ እስከ መዳፋቸው። ከዚያ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጡና ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉት። ምሳ አልበሉም። እኔ ከሥራ ስመለስ እዚያው ናቸው፣ ደረጄ ገና አልገባም።

«እማማ፣ ምን ሆኑ? ጌሾዋ እኮ ተረፈች! ይኸው ለጋ አወጣች፣ ስለትዎ ሊደርስ ነው!» አልኳቸው።

«ጌሾው ገደል ይግባ» አሉኝ። እማማ ትርንጎ ያን ቃል ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። «ልጄ ሄደብኝ፣ ተሾመ።»

«የት ሄደ? ሥራ ነው ያለው።»

ነጠላቸውን ከፊታቸው ገለጡት። «ጠበሉን እንደማይጠጣ የማላውቅ ይመስልሃል? ጠበል የጠጣ ሰው ጢሙ ይረጥባል። የሱ ጢም ደረቅ ነው፣ ጌሾው ግን ጭቃ ነው። ጌሾው ላይ እየደፋው መሆኑን ገና ሲጀምር አውቄያለሁ። ይድፋ አልኩ። ስለቱን ሚካኤል ይቅር ይለኛል፣ እሱ እናት ያውቃል። አፉ አላምንም ቢል እጁ ግን ሲንኩ ላይ መድፋት ፈርቷል፤ አጠገቡ ነው እኮ ሲንኩ፣ ከሶፋው እጁን ቢዘረጋ ይደርስበታል። በየጠዋቱ ጣቴን የምሰደው ለጌሾው መሰለህ? ልጄ ዛሬም አለ ወይ ብዬ ነው። ርጥብ ሲሆን አለ። አሁን ሁለት ቀን ሙሉ ደረቅ ነው። ሲንክ ላይ ደፋው ማለት ነው።»

እንዴት እንዳፈርኩ! ልብስ ሰፊ ነኝ፣ የእናትን ልብ ያለ ልክ ቀደድኩት። «እማማ፣ አልደፋውም» አልኩ። «እኔ ነኝ የምጠጣው።»

አፍጥጠው አዩኝ። «አንተ?»

«እኔ። ጌሾዋ እንዳትሞት ብዬ። ሲንክ ላይ ድፋው ብለው፣ 'ኧረ ጋሼ ጠበል እኮ ነው' ብሎ ሊበላኝ ነበር።»

«እንዲህ አለ?»

«በዚሁ ቃል። በሚካኤል።»

ሳቅና ልቅሶ አንድ ላይ መጣባቸው፣ ነጠላውን አፋቸው ውስጥ ወሸቁት። ሲረጋጉ «የልጄን ጠበል ጠጥተህ ነው ለካ እንዲህ የወፈርከው» አሉኝ። ከዚያ ምሳቸውን አሞቅኩላቸው፣ በሉ።

የማኅበሩ ሰዎች እስካሁን የሚያወሩት ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው። ወረቀቱ በዚያው ዓመት መጣ፣ ኅዳር ሚካኤልም ደረሰ። እማማ ጌሾዋን ቅጠሏን ሸለቷት፣ አንድ እፍኝ ቢሆን ነው፣ ከሱቅ ከተገዛው ጋር ደባልቀው ጠላውን ጠመቁት። ትንሽ ጎምዘዝ ብሎ ነበር፤ ሰው ግን የስለት ነው እያለ ደግሞ ደጋግሞ ጠጣ። ለራንዲም በፕላስቲክ ጠርሙስ ወሰድኩለት። ቀምሶ «ቲማቲም አይደለም» አለ። ሱቁ ከዚያ ብዙ አልቆየም፣ አሁን እዚያ ቦታ ጥፍር የሚቀባበት ቤት ነው። ደረጄ ፎርት ዎርዝ አካባቢ የራሱን ትራክ ይነዳል፣ ሦስት ልጆች አሉት። ይህን ሁሉ ሰው ሲያወራው ጥሩ ወሬ ነው፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ።

እኔ የማስታውሰው ግን ከእማማ ጋር የተነጋገርንበትን ማግስት ጠዋት ነው። ማታውን ደረጄን መኪና ውስጥ አስቀምጬ ሁሉንም ነግሬዋለሁ፣ እናትህ በጣቷ ስትፈልግህ ነበር ብዬዋለሁ። ሬዲዮኑን ከፍቶ መልሶ ዘጋው። ጠዋት ተነሥቼ እንደ ልማዴ ብርጭቆዬን ልቀበል ሳሎን ስወጣ፣ ደረጄ ከሶፋውና ከጌሾው መሀል ቆሟል። ብርጭቆው ባዶ ነው። ወደ ባልዲው አየሁ፣ ከላይ ያለው አፈር ነጣ ብሏል። ወደሱ አየሁ፣ ጢሙ ይንጠባጠባል።

«ጠምቶኝ ነው» አለኝ ሳልጠይቀው።

እማማ ከክፍላቸው ወጡ። ልጃቸውን ቀና ብለው አዩት፣ ቀረቡና በነጠላቸው ጫፍ ጢሙን ጠረጉለት፣ እንደ ሕፃን፤ እሱም ዝም ብሎ ቆመላቸው። ቁልፉን ይዞ ወጣ፣ በሩ ተዘጋ፣ ደረጃውን ሲወርድ ሰማነው። እማማ ወደ ጌሾዋ ሄዱና ጣታቸውን እስከ አንጓቸው ሰደዱ።

«ደረቅ ነው፣ ተመስገን» አሉ።